ቶዮታ ቪትዝ፦ ስለ ቤንዚኗ ሳይሆን ስለ ቀበቶዋ

ስለ ቪትዝ ያልተባለ ነገር የለም። ቤንዚን አትጠጣም። መለዋወጫዋ እንደ ልብ ነው። የማያውቃት መካኒክ የለም። በፈለጋችሁት ቀን ብታወጧት ገዢ አታጡም። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም ባለቤቷ ሆኜ አይቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ሲመለስ አላየሁም። ይህች መኪና ብትጋጭ ውስጧ ያለውን ሰው ታተርፋለች ወይ? የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ነርስ ነኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። የመኪና አደጋ ሲመጣ ከምንጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ቀበቶ አስሮ ነበር?» የሚለው ነው። መልሱ ጉዳቱን የት እንደምንፈልግ ይነግረናል። ካላሰረ ጭንቅላቱን፣ ፊቱን፣ አንገቱን፣ መሪው የመታውን ደረቱን ቶሎ እናያለን። ካሰረ ደግሞ ከትከሻው እስከ ወገቡ የቀበቶው መስመር በልዞ ይታያል። ያ መስመር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ስለሆነው ነገር ራሱ ያወራናል። ስለዚህ መኪና ለመግዛት ስነሳ ዓይኔ ያረፈው ሌላው ገዢ የማያየው ቦታ ላይ ነበር።

የኔዋ የ2002 ሞዴል ናት። 1000 ሲሲ፣ ማንዋል፣ ኮድ 2። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) እዚህ ሁላችንም ቪትዝ እንላታለን፤ አውሮፓ የተሸጠችው ግን ያሪስ ተብላ ነው። ሻንሲ ቁጥሯ «ቪ ኤን ኬ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ሰሜን ፈረንሳይ ቫሌንሲየን ያለው የቶዮታ ፋብሪካ ምልክት ነው። ፋብሪካው ያሪስን ማምረት የጀመረው በ2001 ነው። ጃፓን ሠራሽ ናት ብሎ ዋጋ የሚሰቅልባችሁ ካለ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

ደላላው በስልክ የነገረኝ የተለመደውን ነው። «ሲስተር፣ ሞተሯ አልተከፈተም። ቀለም አልነካትም። የሴት እጅ ናት።» 

«ኤርባጓ ይሠራል?» አልኩት። 

ትንሽ ዝም አለ። «እሱማ ይኖራታል፤ ቶዮታ አይደለች እንዴ!» 

አልተቀየምኩትም። ማንም ጠይቆት አያውቅም። ድርድሩ ሁሉ ጎማና ቀለም፣ ሞተርና ካምቢዮ ላይ ነው። ከሚሊዮን ብር በላይ ይከፈላል፤ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ጭንቅላትንና ደረትን ስለሚቀበለው ከረጢት፣ ስለ ኤርባግ፣ ግን አንድ ቃል አይነሳም።

ሃያ ሁለት አካባቢ ያየኋት የመጀመሪያዋ ቪትዝ እንደ አዲስ ታበራ ነበር። ቁልፉን ግማሽ አዞርኩት፤ ሞተሩን ሳላስነሳ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ክሩስኮቱ ላይ ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ ለጥቂት ሰከንድ መብራት አለባቸው። መኪናዋ ራሷን እየፈተሸች ነው። ከነሱ አንዱ ኳስ የታቀፈ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። የኤርባጉ መብራት እሱ ነው። በርቶ ከጠፋ ደህና ነው። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ግን በጣም መጥፎ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል ማለት ነው። የዚያችኛዋ አልበራም።

አብሮኝ የመጣው ኤሌክትሪሺያን መሪው መሃል ያለውን ክዳን ፈታው። «ይዩት እስቲ ሲስተር» አለኝ። ባዶ ነው። ከረጢቱም የለም፣ ከረጢቱን የሚነፋው ነገርም የለም። መኪናዋ አንድ ቀን ተጋጭታለች፣ ኤርባጉ ፈንድቷል፣ ከዚያ ክዳኑ ተለጥፎ ቀለሟ ታድሷል። የባሰም እንዳለ ነገረኝ። አንዳንዶች የኤርባጉን መብራት ከዘይት መብራቱ ጋር ያያይዙታል። አብሮ ይበራል፣ አብሮ ይጠፋል፣ ገዢው ተደስቶ ይሄዳል። ስለዚህ መብራቱ ሰዓቱን ጠብቆ ለብቻው መጥፋቱን ተመልከቱ። ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል ከጠፋ ጠርጥሩ።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ጆን ሄትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1952 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ባለቤቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ እየነዳ ነበር። መንገድ ላይ ድንጋይ አየ፤ ሲሸሽ ቦይ ውስጥ ገባ። በዚያች ቅጽበት እሱም ባለቤቱም ክንዳቸውን ዘርግተው ልጅቷ ከፊት ለፊቷ ካለው ጋር እንዳትላተም ጋረዷት። እኛም ፍሬን ስንይዝ ሳናስበው እጃችን ወደ ልጃችን ይሄዳል። ሄትሪክ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለ መሐንዲስ ነበርና ቤቱ ገብቶ ያንን ክንድ የሚተካ በአየር የሚሞላ ከረጢት ነደፈ። በ1953 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ያኔ የሰማው የመኪና ፋብሪካ አልነበረም። ጀነራል ሞተርስ በ1970ዎቹ ሞክሮ ተወው። መርሴዲስ በ1981 ኤስ ክላስ ላይ ገጠመው። አሜሪካ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖች ላይ ለሹፌሩም ለጎን ተሳፋሪውም ግድ አደረገችው። አንድ አባት ያሰበው ነገር ዓለምን ለማዳረስ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። እዚህ ደርሶ ባዶ ክዳን ሲሆን ማየት ያማል።

የገዛኋት ሁለተኛዋን ነው። መብራቷ በርቶ ይጠፋል፤ ክዳኗ ስር ያለው ሁሉ በቦታው ነው። ቀለሟ ግን በቀኝ በኩል ተቧጭሯል። እንዳለች ወሰድኳት።

ኤርባግ ካለ ሌላ የሚጣራ ነገር አለ። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ብዙ ኤርባጎች ውስጣቸው ያለው፣ ከረጢቱን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ሰው ይወረውራል። በመኪና ታሪክ ትልቁ የጥሪ ዘመቻ፣ ማለትም ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለማስተካከል መልሶ መጥራት፣ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ኩባንያው ራሱ በ2017 ለኪሳራ በቃ። ከተጠሩት መኪኖች መካከል በ2000ዎቹ የተሠሩ ኮሮላና ያሪስ አሉበት። በኔ ዕይታ ይህ ከየትኛውም የሞተር ምርመራ ይቀድማል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ቶዮታ የጥሪ ማጣሪያ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ቀበቶው። ከቪትዝ ዕቃዎች ሁሉ ለኔ ትልቁ እሱ ነው፤ ረዘም ብዬ ባወራበት አትቆጡኝ።

ከሹፌሩ ትከሻ በላይ ተነስቶ ደረትን አቋርጦ በወገብ በኩል የሚያልፈውን ቀበቶ የሠራው ኒልስ ቦህሊን ነው። ስዊድናዊ ነው። ቮልቮ በ1958 ከመቅጠሩ በፊት ሳብ ውስጥ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪን ከነወንበሩ የሚያስፈነጥር መሣሪያ ላይ ይሠራ ነበር። የሰው ገላ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል ያውቃል። ከሱ በፊት የተለመደው ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነበር። ሰውየውን ወንበሩ ላይ ያቆየዋል፤ ጭንቅላቱን ግን ከመሪ አያድነውም፤ ቀበቶው ራሱም ሆድ ዕቃውን ይጎዳዋል። የቦህሊን ብልሃት ኃይሉን ጠንካራ አጥንት ላይ ማሳረፍ ነበር። የትከሻና የደረት አጥንት አንድ፣ የዳሌ አጥንት ሁለት። ደግሞም በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚታሰር እንዲሆን አደረገው። ሰው የሚያስቸግረውን ነገር እንደማያስር ገብቶታል።

በነሐሴ 1959 ቀበቶው የተገጠመላት የመጀመሪያዋ መኪና ለገዢ ተሰጠች። ከዚያ ቮልቮ ያደረገው ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። መብቱ የኔ ነው ብሎ አላስከፈለም። ማንም ፋብሪካ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ቪትዝ ላይ ያለውም ሆነ እዚህ ከተማ የሚዞረው የሁሉም መኪና ቀበቶ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ሰው እንዲያስር በሕግ ቀድማ ያስገደደችው የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ናት፤ በ1970።

በተግባር ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ የፊቱን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳቡት። ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ክፍል ነው ብዙ ነገር የሚናገረው። ጫፉ የተላጠ፣ ክሩ የተበጣጠሰ ወይም ተወጥሮ የተወላገደ ከሆነ አይሆንም። ከዚያ የትከሻው ማለፊያ ቀለበት ላይ ያለውን ፕላስቲክ በጣታችሁ ዳብሱ። በኃይል የተጎተተ ቀበቶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ ቀበቶውም ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ይጣበቃል። ያ መኪና ሰው ይዞ ተጋጭቷል። ቀጥሎ በድንገት ነጠቅ አድርጋችሁ ሳቡት። መቆለፍ አለበት። የኔዋ ክች ብሎ ይይዛል።

ቪትዝ የፊት ቀበቶዎቿ ላይ ማጥበቂያም አላት። ግጭት ሲመጣ በትንሽ ፍንዳታ ቀበቶውን ወደ ኋላ ይስበውና ሰውየውን ወንበሩ ላይ ይለጥፈዋል። አንዴ ከሠራ በኋላ አይደገምም፤ መቀየር አለበት። ኤርባጓ የፈነዳ መኪና ይህም አብሮ ተቃጥሏል። ሶማሌ ተራ ለቪትዝ የማታገኙት ዕቃ የለም፤ እኔም ስፖኪዮና ፍሬቻ ከዚያ ገዝቻለሁ። ቀበቶና ኤርባግ ግን ከተጋጨ መኪና ተፈትቶ የመጣ አልገዛም። ውስጡን ማየት አይቻልማ።

የኋላውን ቀበቶ ማንም አያየውም። እዚህ መኪና እንደተገዛ መጀመሪያ የሚደረገው የወንበር ልብስ ማልበስ ነው። ልብሱ ሲለብስ የኋላ ማሰሪያዎቹ ከስር ይቀበራሉ። የኔዋም እንደዚያ ነበረች። እጄን አስገብቼ ስፈልግ አንደኛው ማሰሪያ ከነፋብሪካ አቧራው ተኝቷል፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ ለያንዳንዱ ቀዳዳ አስወጣሁለት። ጠርዙን በክር ዘመዘመው፤ ያምራልም። ያወጣሁት ብር ከምሳ አይበልጥም።

ኋላ የተቀመጠ ሰው ምን አገባው የሚል ብዙ አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ሲቆም ውስጡ ያለው ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ እንደወደቀ ያህል ነው ጉዳቱ። ኋላ ያለው ያላሰረ ሰው ፊት ያለውን ከነወንበሩ ይገፋዋል። ሁለቱም እኛ ጋ ይመጣሉ።

እማዬ መጀመሪያ ላይ አልታሰርም ብላ ነበር። «ነጠላዬን ይጨማድድብኛል፣ ደግሞ ያንቀኛል» አለች። ያለችው ነገር እውነት አለው። ቀበቶው ነጠላ ላይ ሲያልፍ ይንሸራተታል፣ ወደ አንገት ይወጣል። አሁን ነጠላዋን ገልጣ ቀበቶውን ቀሚሷ ላይ ታስረዋለች፤ የታችኛውን ከሆዷ ዝቅ አድርጋ ዳሌዋ አጥንት ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ከላይ ትደርባለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ሆና ነው የምትሄደው። ልብሷም አልተጨማደደ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ለሱ ቀበቶው ብቻውን አይሆንም። ቀበቶው የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ ላይ የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ፣ የላይኛው አንገት ላይ ያርፋል። እንደዚያ ታስሮ አንጀቱ የተጎዳ ልጅ አስታምሜአለሁ። መፍትሔው ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ነው። ስዊድኖች በ1970ዎቹ ያወጡት ነው። ከዚያ በፊት በ1964 ዶክተር በርቲል አልድማን ጠፈርተኞች ሲወነጨፉ ጀርባቸውን ተደግፈው እንደሚተኙ አይቶ ለሕፃናት ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር ሠርቶ ነበር። ኃይሉ አንገት ላይ ሳይሆን ጀርባ ላይ በሙሉ ይከፋፈላል። የሕፃን ጭንቅላት ከገላው አንጻር ከባድ፣ አንገቱ ደግሞ ልፍስፍስ ስለሆነ ትልቅ ነገር ነው። የልጄን መቀመጫ ዘመድ ከአሜሪካ ነው ያመጣልን። ቪትዝ ኋላ ላይ በልኩ ገብቷል፤ አጠገቡ ትልቅ ሰው ይቀመጣል፤ ሁለት ትልቅ ሰው ግን አይቀመጥም። ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ወንበር ካላችሁ ፊት ወንበር ላይ እንዳታስቡት። ኤርባጉ ሲፈነዳ ያንን ወንበር ነው የሚመታው። 

ወደ ቅርጿ እንምጣ። ቶዮታ ቪትዝን ያወጣው በ1999 መጀመሪያ ነው። የነደፋት ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላለች። ሽልማቱ ሳይሆን እኔን የሳበኝ ግን የወጣችበት ጊዜ ነው። በ1997 ዩሮ ኤን ካፕ የሚባለው ተቋም መኪኖችን ግድግዳ ላይ እያጋጨ ውጤቱን በኮከብ ብዛት ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። ሮቨር 100 የምትባለዋ የእንግሊዝ ትንሽ መኪና አንድ ኮከብ ብቻ አገኘች። ሰው ሸሻት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርቷ ቆመ። ፋብሪካዎች ሁሉ ነቁ። ትንሽ መኪና ርካሽ ስለሆነች ሰው ትግደል የሚባልበት ጊዜ አበቃ። ያሪስ በ2000 በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ተጋጭታ አራት ኮከብ አገኘች። ያኔ አምስት ያገኘ አንድም መኪና አልነበረም፤ የመጀመሪያው በ2001 ሬኖ ላጉና ነው።

ይህ እንዴት ተቻለ? ኮፈኑ አካባቢ ያለው ላሜራ ቶሎ ይጨማደዳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ቪትዝ ቆርቆሮ ናት፣ የድሮ መኪና ይሻላል» ይላል። ቤላ ባረኒ የሚባል ኦስትሪያ የተወለደ የመርሴዲስ መሐንዲስ በ1951 ያስመዘገበው ሐሳብ ተቃራኒው ነው። ፊትና ኋላ ይጨማደድ፣ ሰው ያለበት መሃሉ ግን እንዳለ ይቁም። የሚጨማደደው ላሜራ ኃይሉን ይበላዋል። የማይጨማደደው የድሮ መኪና ኃይሉን ለተሳፋሪው ያስረክባል። መኪናው ይተርፋል፣ ሰውየው ይሞታል። መርሴዲስ በ1959 በተግባር አዋለው፤ ቪትዝም በዚያው መንገድ ነው የተሠራችው።

ስለዚህ ስትገዙ ኮፈኑን ክፈቱና ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች፣ ከፊት ጀምረው ወደ መሃል የሚሄዱትን፣ ተመልከቱ። የተበየደ ነገር አለ? በስቱኮ የተደፈነ? ግራና ቀኙ እኩል ነው? በመዶሻ የተቃና ብረት ሁለተኛ ሲመታ መጀመሪያ እንደታሰበለት አይታጠፍም። የውጪ ቀለም ጭረት ግን ምንም አይደለም።

ክሩስኮቷን እወደዋለሁ። ምንም ሹል ነገር የለበትም፣ ቁልፎቹ ገባ ያሉ ናቸው። በ1930ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ ክሌር ስትሬይዝ የሚባል የፊት ቀዶ ሐኪም ነበር። ክሩስኮት የሰነጠቀውን የሰው ፊት ሲሰፋ ሰለቸውና የገዛ መኪናውን በስፖንጅ አለበሰው፤ ቀበቶም አስገጠመ። ከዚያ ፋብሪካዎቹ ቁልፎቹን እንዲያስገቡ ወተወተ። የኛ ሙያ ሰው ቀድሞ መጮሁ ያኮራኛል።

የፍጥነት ቁጥሩ መሃል ላይ ነው፤ ሹፌሩ ፊት አይደለም። ብዙ ሰው አይወደውም። እኔ ወድጄዋለሁ። ቁጥሩ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚታይ ስለሆነ ዓይን ከመንገዱ ወደሱ ሲመለስ ብዙ አይለፋም። ሌላም ጥቅም አለው። ልጄ ከኋላ ሆኖ ያነበዋል። «እማ፣ ስልሳ ሦስት!» ይለኛል። እግሬን ቀለል አደርጋለሁ።

አጭር ሴት ከሆናችሁ ይህን አንብቡ። ደረታችሁና መሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ኤርባጉ ሲነፋ ቦታ ይፈልጋል። የቪትዝ መሪ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወደፊትና ወደኋላ ግን አይሳብም። እኔ ወንበሩን ከፍ፣ መደገፊያውን ትንሽ ጋደም በማድረግ አስተካክያለሁ። ለብዙ ዓመት ግጭት ሙከራ ላይ የሚቀመጠው አሻንጉሊት በአማካይ ወንድ ልክ የተሠራ ነበር። በአማካይ ሴት ልክ የተሠራውን የስዊድኗ ተመራማሪ አስትሪድ ሊንደር ቡድን ያሳየው ገና በ2022 ነው። የኔን ቪትዝ የሠሩት ሰዎች እኔን አስበው አልነበረም ማለት ነው። ይህ ቅሬታዬ ለቪትዝ ብቻ አይደለም።

ፍሬኗ ጥሩ ነው። ኤቢኤስ አላት። ክረምት መግቢያ ላይ፣ መንገዱ የከረመ ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎበት በሚያዳልጥበት ሰሞን፣ ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ሰው አካፋዩን ዘሎ ፊቴ ገባ። እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። ፔዳሉ እግሬ ስር ግርርር ብሎ ተንቀጠቀጠ። አለቀቅኩም። ጎማው አልተቆለፈም፤ መሪዬም ታዘዘኝ፤ በጎኑ አለፍኩት። ቦሽና መርሴዲስ በ1978 ያወጡት ይህ ነው፤ ጎማው ሊቆለፍ ሲል በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቅና ይይዛል። ያንን መንቀጥቀጥ ብልሽት መስሏቸው ፊውዙን የሚያስነቅሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታስነቅሉ።

ጎማ ላይ ደግሞ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። «2319» ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ገበያ ላይ ሞልቷል። ጎሚስታው ሳይነግራችሁ እናንተ አንብቡ።

ጉድለቶቿን ሳልደብቅ ልናገር። የጎን ኤርባግ የኔዋ የላትም። ስትንሸራተት ራሷን የምታቃናበት ኢኤስፒ የላትም። መርሴዲስ በ1995 ያመጣው ነው፤ በ1997 ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ ሙከራ ላይ ስትገለበጥ ደግሞ ለትንንሽ መኪኖችም መግባት ጀመረ። የኔዋ አልደረሰባትም። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም፤ ከሲኖ ትራክ ጋር ለሚመጣ ነገር የትኛውም ኮከብ አያወራም። አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ነፋስ በጎን ሲመታት መሪውን አጥብቄ ነው የምይዘው። ሞተሯ 70 የማይሞላ የፈረስ ጉልበት አለው፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ከዚያ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ሰው ሞልታችሁ ዳገት ላይ ቅጥቅጥ እቀድማለሁ ብላችሁ አትውጡ። ጉልበቷ መሃል መንገድ ላይ ያልቃል። የ2000 አራት ኮከብም የዛሬ አራት ኮከብ አይደለም፤ ፈተናው ከዚያ ወዲህ በጣም ከብዷል። ከ2005 ጀምሮ ያለችው ሁለተኛዋ ቅርጽ አምስት አግኝታለች፤ አቅም ካላችሁ እሷ ትሻላለች፤ የታካታው ጉዳይ ግን እሷም ላይ ይጣራ።

ኤሌክትሪክ መኪና ለምን አልገዛሽም የሚሉኝ አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ ጥያቄው ልክ ነው። ሥራ ቦታ ጓደኛዬ አንድ ይዛለች፤ ከፊት ያለው ሲቆም ራሱ ፍሬን ይይዛል። ያስቀናል። አውሮፓ ተፈትነው አምስት ኮከብ ያገኙ አሉባቸው። ስሙ አንድ ቢሆንም ለቻይና ገበያ የተሠራው ግን አውሮፓ ከተፈተነው ጋር በዕቃ ላይመሳሰል ይችላል። ስንት ኤርባግ እንዳለው ጠይቃችሁ፣ መቀመጫው ጎን ላይ «ኤርባግ» የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ግዙ።

ለቪትዝ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ። ይህ ግን ዕቃዋ በቦታው ላለችው ነው። ኤርባጓ ወጥቶ ቀበቶዋ ለተቃጠለው አንድም አልሰጥም፤ ያቺ ሌላ መኪና ናት። ደላሎቹ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ነው የሚጠሩት። የኤርባግ መብራቷ የማይበራውን ካገኛችሁ አትደራደሩ፤ ቁልፉን መልሳችሁ ሂዱ። መብራቷ ደህና ሆኖ ቀለሟ የተቧጨረውን ካገኛችሁ ደግሞ በጭረቱ ዋጋ አስቀንሱና በቀነሰላችሁ ብር አራት ጥሩ ጎማ ግዙ። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው።